«ለጊዜው» የታሰረችው ሽቦ

አሮጌ ላንድሮቨር ስታገኙ ፊት ለፊቱ ቁሙና የፊት መስታወቱን የታችኛውን ሁለት ማዕዘን ተመልከቱ። ጎማውንና ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። የመስታወቱ ፍሬም ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ አንዳንድ የብረት ማጠፊያ አለ። በአንዱ በኩል የፋብሪካው ብሎን በቦታው ቁጭ ብሏል እንበል። በሌላው በኩልስ? ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሦስት ዙር የተጠመዘዘ ሽቦ ነው። አለዚያም ቀጭን ብሎን ከአራት ሮንዴላ ጋር፣ አለዚያም ባዶ ቀዳዳ። ባለቤቱን ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው፦ «ለጊዜው ነው»።

«ለጊዜው» በእኛ ጋራዦች ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ቃል ነው። ለጊዜው የታሰረ ሽቦ ባለቤት ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሸጣል። ሦስተኛው ገዢ ሲመጣ ሽቦው የመኪናው አካል መስሎት ያልፈዋል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ትንሽ ነገር ነው። የጎደለውን ብሎን እንዴት ፈልገን እናገኘዋለን? ተራ የሚመስል ብሎን ማስገባትስ ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል? አሮጌ መኪና አባታችሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ ከሆነ፣ ወይም አንዱን ገዝታችሁ ልታድሱ ካሰባችሁ፣ ጽሑፉ ለእናንተ ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ደግሞ አንዱ አሁን እጃችሁ ላይ ነው፤ ስልካችሁ።

መስታወቱ ለምን ይታጠፋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከጦር ሜዳ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር በብዛት የተመረተችው ዊሊስ ጂፕ የፊት መስታወቷ ወደ ኮፈኑ እንዲተኛ ተደርጎ ነበር የተሠራው። መስታወቱ ሲተኛ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ከሩቅ በቀላሉ አትታይም፣ ለመጫንም ቦታ አትፈጅም። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ሞሪስ ዊልክስ ለእርሻ ሥራ የሚሆን መኪና ሲያስብ፣ የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራው የጂፕ ሻንሲ ላይ ነው። ላንድሮቨር ተብሎ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። የሚታጠፈው መስታወትም ከጂፕ ወደ ላንድሮቨር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው የቶዮታው ላንድክሩዘር 40 ተከታታይም ይህንኑ ልማድ ይዟል።

እዚህ አገር ግን አብዛኛዎቹ እነዚህ መኪኖች ጣሪያ አላቸው፤ ስለዚህ መስታወታቸው ታጥፎ አያውቅም። ቢሆንም አሠራሩ የሚታጠፍ ነው። በላንድሮቨር ላይ ፍሬሙን የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። ከታች በሁለቱ ማዕዘን ያሉት ማጠፊያዎችና ብሎኖቻቸው አሉ። ከላይ የጣሪያውን የፊት ጠርዝ ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዙ ብሎኖች ተደርድረዋል። በመሃል ደግሞ፣ ከፍሬሙ በታችና ከአየር ማስገቢያዎቹ በላይ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከል የጎማ ማሸጊያ አለ። ይህ ጎማ ሥራውን የሚሠራው ተጨምቆ ሲያዝ ብቻ ነው። የሚጨምቁት እነዚያ ብሎኖች ናቸው።

አንድ ብሎን ሲጎድል

«አንዱ ጎደለ፣ ሌላው ይዞታል፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ለጥቂት ቀን ችግር ላይኖረው ይችላል። ኮረኮንች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ብሎን የሌለው ማዕዘን ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ እንቅስቃሴ ቀዳዳውን ይበላዋል፤ ክብ የነበረው እንደ እንቁላል ይሞላልላል። የቀረው ብሎን የሁለት ሰው ሸክም ተሸክሟልና እሱም መላላት ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ነው። ጎማው በአንድ በኩል ካልተጨመቀ ዝናቡ በዚያ በኩል ይገባል። የላንድሮቨር አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት እጥረት ስለነበር አሉሚኒየም ተመረጠ። ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው የፊት ግድግዳ ግን ብረት ነው። መስታወቱም፣ በሮቹም፣ ዳሽቦርዱም የሚያያዙት እዚያ ላይ ነው። የሚገባው ውሃ ደግሞ የሚቀመጠው በዚሁ ግድግዳ ማዕዘኖችና እጥፋቶች ውስጥ ነው። በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ይህ ግድግዳ መዝገት ከጀመረ ሥራው የብሎን ሥራ መሆኑ ይቀራል፤ መኪናውን ግማሽ በግማሽ መፍታት ይሆናል።

ሦስተኛው ራሱ መስታወቱ ነው። መስታወት ጫናን በሰፊው ሲቀበል ይችላል፤ መጠምዘዝን ግን አይችልም። ፍሬሙ በአንድ ማዕዘን ተይዞ በሌላው ሲንቀሳቀስ ይጣመማል፤ አንድ ቀን ድንጋይ ሳይመታው ከማዕዘኑ የሚጀምር ስንጥቅ ታያላችሁ። «ዝም ብሎ ተሰነጠቀ» ይባላል። ዝም ብሎ አልተሰነጠቀም። ጣሪያ በሌለው መኪና ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከመስታወትም ያልፋል። ፍሬሙ ከነመስታወቱ ከባድ ነው፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ እጁን የሚያሳርፈውም እሱ ላይ ነው። ልቅ የሆነ ፍሬም በመንገጫገጭ መሃል ወደ ኮፈኑ ቢወድቅ፣ ወይም ወደ ተሳፋሪው ቢያዘነብል፣ የሚጎዳው ሰው ነው።

መጀመሪያ እንይ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬሙ መንቀሳቀሱን አረጋግጡ። አንድ ሰው የመኪናውን ጎን ይዞ ያወዛውዘው። ሌላው ስልኩን ወደ ማጠፊያው አስጠግቶ በዝግታ ቀረጻ ቪዲዮ ያንሳ። ዓይን ያላየው ነገር እዚያ ላይ ይታያል፦ በፍሬሙና በማጠፊያው መካከል የሚከፈት ቀጭን ክፍተት፣ የሚንቀሳቀስ ሮንዴላ፣ የሚረግፍ የዝገት ዱቄት። በሁለቱም ማዕዘን፣ ከላይም በጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁ አድርጉ። የጎደለው አንድ ብሎን መስሏችሁ ሦስት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ፎቶ ነው። ሽቦውን ሳትፈቱ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ከአራት አቅጣጫ አንሱ። ከዚያ ደህና የሆነውን የሌላኛውን ማዕዘን አንሱ። የጎደለ ዕቃ ፈለጉን ትቶ ነው የሚሄደው። ቀለም ያልነካው ክብ ቦታ ሮንዴላው ምን ያህል ስፋት እንደነበረው ይነግራችኋል። ደህናው ማዕዘን ላይ ያለው ብሎን ርዝመቱን ይነግራችኋል። ዳዶው ከውስጥ በኩል መሆን አለመሆኑንም ከእሱ ታያላችሁ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ዳዶው ተነጥሎ የሚወጣ ሳይሆን ከጀርባ ከላሜራው ጋር የተያያዘ ነው። እጅ የማይገባበት ከሆነ ስልኩን ብልጭታውን አብርታችሁ በዳሽቦርዱ ሥር አስገቡትና ወደ ላይ ቪዲዮ አንሱ። ዳዶው በቦታው አለ? ተነቅሎ ወድቋል? ወይስ የተሰበረ ብሎን ውስጡ ቀርቷል? እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም የተለያየ ነው።

ኢንች ነው ወይስ ሚሊ?

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ ደርሰናል። ጃፓኑ ላንድክሩዘር የተሠራው በሚሊሜትር ነው። እንግሊዙ ላንድሮቨርና አሜሪካዊቷ ጂፕ የተሠሩት በኢንች ነው። እንግሊዝ ራሷ ደግሞ በመሃል የብሎን ሥርዓቷን ቀይራለች። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ የብሎን ጥርሳቸውን አንድ ለማድረግ ተስማሙ። ከዚያ በፊት የነበረው የእንግሊዝ ጥርስ፣ ከጆሴፍ ዊትዎርዝ የ1841 ሐሳብ የመጣው፣ ጎኖቹ በ55 ዲግሪ የሚገናኙ ናቸው። አዲሱ የጋራ ጥርስ 60 ዲግሪ ነው። ፋብሪካዎች ግን በአንድ ሌሊት አልተቀየሩም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች ላይ በብዛት የምታገኙት ቢ ኤስ ኤፍ የሚባለውን የድሮውን የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ደግሞ በብዛት ዩ ኤን ኤፍ የሚባለውን የጋራ ጥርስ። በመሃል ያሉት ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ስንት መካኒክ የነካቸው መኪኖች ናቸው፤ ማን ምን እንዳስገባባቸው ማን ያውቃል?

ወጥመዱ የት እንዳለ በቁጥር እንየው። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ነው። የ8 ሚሊ ብሎን 8 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም፤ በዓይንም በእጅም አይለይም። ቁልፉም ያሳስታል። የ5/16 ብሎን ራስ በተለምዶ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ 13 ቁልፍ ይገባለታል፤ ትንሽ ብቻ ላላ ይላል። 13 ቁልፍ ደግሞ የተለመደው የ8 ሚሊ ብሎን ቁልፍ ነው። እናም መካኒኩ «13 ነው፣ 8 ሚሊ ብሎን አምጣ» ይላል። ብሎኑ ይመጣል፣ በእጅ አንድ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ጠንከር ተደርጎ ሲዞር ይሄዳል። የሚሄደው ግን የዳዶውን ጥርስ እየቆረጠ ነው። አሁን ብሎኑም ልክ አይደለም፣ ዳዶውም ጠፋ።

ልዩነቱን የሚነግራችሁ የጥርሶቹ ብዛት ነው። 5/16 ዩ ኤን ኤፍ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። 5/16 ቢ ኤስ ኤፍ 22 አለው። 8 ሚሊው ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም በአንድ ኢንች 20 ገደማ ይሆናል። በአጭር ብሎን ላይ አንድ ሙሉ ኢንች ላታገኙ ስለምትችሉ እንዲህ አድርጉ። ከደህናው ማዕዘን አንዱን ብሎን አውጡ፤ በመጀመሪያ ግን ፍሬሙን ሰው ይያዘው። ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና ማስመሪያ አጠገብ አስቀምጡት። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ ፎቶ አንሱ፤ በሰያፍ ከተነሳ ቁጥሩ ያታልላል። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ አሥር የጥርስ እርምጃ ቁጠሩ። ከአንዱ ጫፍ እስከ አሥረኛው ቀጣይ ጫፍ ያለው ርቀት 10.6 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ዩ ኤን ኤፍ ነው። 11.5 ከሆነ ቢ ኤስ ኤፍ ነው። 12.5 ከሆነ የተለመደው 8 ሚሊ ነው። የጥርስ መለኪያ ያለው ቶርኖ ቤት ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የስልኩ ፎቶ ግን ከቤት ሳትወጡ መልሱን ይሰጣችኋል።

የእናንተ ብሎን ከ5/16 የተለየ መጠን ሊኖረው ይችላል። ዘዴው ያው ነው፦ ውፍረቱን ለኩ፣ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ርዝመቱን ከራሱ ሥር እስከ ጫፉ ለኩ። ሦስቱን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ከፎቶው ጋር ጻፉት።

ገበያ ስትወጡ

መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ይህን ዓይነት ንግግር ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ የላንድሮቨር የፊት መስታወት ብሎን ይኖራል?»

«የቱ ላንድሮቨር?»

«የድሮው።»

«የድሮው ስንት ዓይነት አለው ልጄ! ናሙና ይዘህ ና።»

ሰውዬው ትክክል ነው። ናሙና ማለት ከደህናው ማዕዘን ያወጣችሁት ብሎን ነው። እሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን መኪናውን ያለ ብሎን አትንዱት፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ። ስታገኙ ደግሞ አዲሱን ብሎን ከናሙናው ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ በጥርስ አግጥሟቸው፤ ወደ ብርሃን ያዙና እዩ። ጥርሶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገጥመው በመሃላቸው ብርሃን ካላለፈ አንድ ዓይነት ናቸው። ይህ ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ ፈተና ነው።

የብሎኑን ራስም እዩት። በሚሊ ብሎን ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 8.8 ማለት ብረቱ 800 ሜጋፓስካል ገደማ እስኪደርስ አይበጠስም፣ በዚያ 80 በመቶ ላይ ደግሞ ተስቦ መቅረት ይጀምራል ማለት ነው። በኢንች ብሎን ላይ ሦስት ጭረት ካለ መካከለኛ ጥንካሬ፣ ስድስት ጭረት ካለ ከፍተኛ ጥንካሬ ነው። ምንም ምልክት የሌለውን ለስላሳ እንደሆነ ቁጠሩት፤ ለሰሌዳ ይሁን እንጂ ለማጠፊያ አይሁን። ለመስታወት ማጠፊያ 8.8 ወይም ባለ ሦስት ጭረቱ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጠንካራ ፍለጋ ገንዘብ ማጥፋት አያስፈልግም።

በኢንች የሚሄደው ብሎን ጨርሶ ቢጠፋስ? ሁለት መንገድ አለ። ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ በናሙናው ልክ ሊያወጣላችሁ ይችላል፤ ማጠፊያው ላይ የሚገባ ለየት ያለ ብሎን ከሆነ ይህ የተሻለው ነው። ዳዶው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብሎኑንም ዳዶውንም አብራችሁ ወደ 8 ሚሊ መቀየር ትችላላችሁ። ይህን ስታደርጉ ሁለቱንም ማዕዘን ቀይሩ፤ ግራው ኢንች ቀኙ ሚሊ እንዳይሆን። ስልካችሁ ላይም ጻፉት። ከአምስት ዓመት በኋላ መኪናውን የሚፈታው ሰው ያመሰግናችኋል። ያ ሰው ራሳችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሥራው

የመጀመሪያው ሥራ መጠበቅ ነው። የተሰበረ ወይም የዛገ ብሎን ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭታችሁ ማታውን አሳድሩት። በማግስቱ ራሱን በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ንዝረቱ ዘይቱን ወደ ጥርሶቹ ያስገባል። ከዚያ ትንሽ ለመፍታት፣ ትንሽ ለማጥበቅ፣ እንደገና ለመፍታት ሞክሩ። በአንድ ጉልበት የሚፈታ ብሎን ብዙ ጊዜ በአንድ ጉልበት ይሰበራል። እሳት መጠቀም ይረዳል፤ ግን መስታወቱና ጎማው ባሉበት አይሞከርም።

ለላንድክሩዘር ባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። የጃፓን ባለ መስቀል ብሎኖች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር የሚመሳሰሉ ይመስላሉ፤ የመስቀሉ ቅርጽ ግን ትንሽ ይለያል። የተለመደው ካቻቢቴ ውስጡ ጠልቆ አይቀመጥምና ሲዞር እየዘለለ ራሱን ይበላዋል። በጃፓን ልክ የተሠራ ካቻቢቴ ፈልጉ። ካለ ደግሞ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ዓይነት ተጠቀሙ።

ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ መሃሉን በሹል ነጥብ ምቱ፣ በቀጭን የትራፓኖ ጫፍ ጀምሩ፣ ቀስ በቀስ አስፉ። መሃሉን ከሳታችሁ የምትበሱት የዳዶውን ጥርስ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ይህን ሥራ ለለመደ ሰው ስጡት፤ ለእዚህ መክፈል አያስቆጭም።

ቀዳዳው ንጹሕ ሲሆን ትክክለኛውን ማስኪዮ በእጅ አስገብታችሁ ጥርሱን አጽዱት። ማስኪዮ ስትጠቀሙም የኢንቹና የሚሊው ጉዳይ ያው ነው፤ የተሳሳተ ማስኪዮ ከተሳሳተ ብሎን በባሰ ፍጥነት ያጠፋል። በዙሪያው ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ፣ ይድረቅ።

አሁን መግጠም ነው። የጎማ ማሸጊያው ደርቆ ከተሰነጠቀ አብራችሁ ቀይሩት፤ አዲስ ብሎን በሞተ ጎማ ላይ ዝናብ አያስቆምም። በሲልከን መሙላት ደግሞ ሌላ «ለጊዜው» ነው፤ ውሃውን ውስጥ ሊያስቀርም ይችላል። ሁሉንም ብሎኖች፣ የታቹንም የላዩንም፣ መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። በእጅ ቢያንስ አራት አምስት ዙር ያልገባ ብሎን በቁልፍ አይገፋም፤ አውጡትና ምክንያቱን ፈልጉ። ሁሉም ከገቡ በኋላ በሮቹን ዘግታችሁ ክፍተታቸው እኩል መሆኑን እዩ። አንድ ሰው ፍሬሙን ወደ ጎማው ይጫነው፤ ሌላው ግራ ቀኝ እያፈራረቀ ያጥብቅ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፍሬሙን ያጣምመዋል፤ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም አያስፈልግም። ላሜራውን የሚያጎብጥ ጥብቀት ከላላው አይሻልም። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ዳዶው ደግሞ በንዝረት የማይፈታው፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው።

ቀዳዳው ከተበላ

ሽቦ ለዓመታት የኖረበት ቀዳዳ ክብ ሆኖ አይቆይም። በጥቂቱ የሰፋ ከሆነና ዳዶው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ፣ በሁለቱም በኩል ወፍራምና ሰፊ ሮንዴላ ይበቃዋል። የተያያዘው ዳዶ ጥርሱ ብቻ ከተበላ አዲስ የጥርስ ሽፋን የሚሰጥ የብረት ጥምዝ ማስገባት ይቻላል። ዳዶው ከነሥሩ ተነቅሎ ከሆነ ወይ ከጀርባ ዳዶ የተበየደበት ትንሽ ላሜራ ይሠራል፣ ወይ እንደ ሪቬት ተጨምቆ የሚያዝ ዳዶ ይገባል። በላሜራው ዙሪያ ብረቱ እንደ ብስኩት ከተፈረፈረ ግን አትሸውዱ፤ የዛገው ይቆረጣል፣ አዲስ ብረት ይበየዳል። ትልቅ ብሎን በበሰበሰ ብረት ላይ ማስገባት ትልቅ ቀዳዳ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት መስታወቱ ይውጣ፣ ባትሪው ይፈታ፤ ያ ካልሆነ የብየዳው ኮረንቲ ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል። መስታወቱን ለመቀየር ከተገደዳችሁ ደግሞ ለመኪና የተሠራ መስታወት አድርጉ። የላንድሮቨር መስታወት ዝርግ ስለሆነ የቤት መስኮት መስታወት ቆርጦ ማስገባት ያጓጓል፤ አደጋ ቢደርስ ግን የቤት መስታወት እንደ ቢላ ሆኖ ነው የሚሰበረው።

ስለማይዝገው ብሎን አንድ ቃል። የሚያብረቀርቀውን ብሎን አይቶ «ይሄማ ዕድሜ ልክ ነው» ማለት ቀላል ነው። እሱ ራሱ አይዝግም። ግን እርጥበት ባለበት ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ሊያስበላው ይችላል። ሁለት የተለያዩ ብረቶችና ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንሽ ባትሪ ሠሩ ማለት ነው፤ በላንድሮቨር ጣሪያ ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት የዚህ ውጤት ነው። ዚንክ የተቀባ ብሎን ተጠቀሙ፣ ጥርሱን ግራሶ አስነኩት፣ በብረቱና በአሉሚኒየሙ መካከል ቀጭን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገቡ።

ሽቦዋን አትናቋት

እዚህ ድረስ ሽቦን ስወቅስ ቆይቻለሁ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሽቦዋም ባለውለታ ናት። ከከተማ 100 ኪሎሜትር ርቆ ብሎን የወደቀበት ሾፌር ምን ያድርግ? ፒንሳውን አውጥቶ ያስራል፤ ተሳፋሪውን ያደርሳል። ጥፋቱ ማሰሩ ላይ አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ «ይዞታል እኮ» ሲባል። ለጊዜው የተባለው ነገር ቀን ካልተቆረጠለት ቋሚ ይሆናል።

ስለዚህ ቀን ቁረጡለት። ሽቦ ባሰራችሁ ዕለት ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፦ «ቀኝ ማጠፊያ፣ ሽቦ፣ በሁለት ሳምንት ይቀየር»። ስልኩ ሲጮህ አታጥፉት። አዲሱን ብሎን ከገጠማችሁ በኋላም ሌላ ማስታወሻ ያዙ፤ 100 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ በቁልፍ ፈትሹት፣ አዲስ ጎማ ሲጨመቅ ብሎኑ ትንሽ ይላላልና። ከዚያ በዝናብ ቀን ወይም በውሃ ጎማ ከላይ አርከፍክፋችሁ ከውስጥ በእጃችሁ ዳብሱ። ደረቅ ከሆነ ሥራው አልቋል።

ያወጣችኋትን ሽቦ ደግሞ አትጣሏት። ጠምዝዟት፣ ከፒንሳው ጋር ከወንበሩ ሥር አስቀምጧት። የኮረኮንች መንገድ ነገር አይታወቅም።